ስለ ቦርድ ጌም ስትጽፉ ሕጉን አሳጥሩ፣ ጠረጴዛውን አሳዩን

ስለ ቦርድ ጌም የሚጻፉ ብዙ አስተያየቶች የመመሪያውን ወረቀት ደግመው ይነግሩናል። እኔ ሳነብ የምፈልገው ሌላ ነው። ጨዋታውን ገዝቼ ቤት ብወስደው ከማን ጋር፣ ምን ዓይነት ምሽት አሳልፋለሁ?

አዙልን እንውሰድ። ሚካኤል ኪስሊንግ የሠራው ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ በ2018 የጀርመንን «የዓመቱ ጨዋታ» ሽልማት ወሰደ። በአምስት ቀለም 100 ታይሎች (ትንንሽ ካሬ ጠጠሮች) አሉት። ተራችሁ ሲደርስ ከአንዱ ክብ ካርቶን ላይ አንድ ቀለም መርጣችሁ ሁሉንም ታነሣላችሁ፣ የቀረውን ወደ መሃል ትገፋላችሁ፤ ከመሃልም እንዲሁ አንድ ቀለም ማንሣት ይቻላል። ያነሣችሁትን በሰሌዳችሁ አንድ መስመር ላይ ትደረድራላችሁ። ከመስመሩ የተረፈው ይወድቅና ነጥብ ያስቀንሳል። ለአንባቢ ይህን ያህል ሕግ ይበቃዋል።

ከዚያ ስንት ሆናችሁ እንደተጫወታችሁ ጻፉ። ይሄ ነገር ሲዘለል በጣም ይከፋኛል። አዙል በሁለት ሰው አምስት ክቦች ላይ 20 ታይሎች ብቻ ይዞ ይጀምራል። ሁሉም ነገር ይቆጠራል። ከታናሽ እህቴ ጋር ስንቀመጥ ሁለታችንም የምንመርጠው የሚጠቅመንን ብቻ አይደለም፤ ሌላዋን የሚጎዳውንም ነው። ዙሩ ሊያልቅ ሲል መሃል ላይ ስድስት ቀይ ታይሎች ከቀሩ አንዳችን ማንሣት ግዴታችን ነው። ማስገቢያ ቦታ ጠፍቶ ስድስቱም ከወደቁ 11 ነጥብ ይሄዳል! በአራት ሰው ግን ክቦቹ ዘጠኝ፣ ታይሎቹ 36 ይሆናሉ። ተራችሁ እስኪመለስ ዓይናችሁን የጣላችሁበት ተወስዷል። ማቀድ ይከብዳል፣ ጫወታው ግን ይደምቃል። «አዙል ጨካኝ ነው» የሚልም «ቀለል ያለ ነው» የሚልም እውነቱን ነው፤ ስንት ሆኖ እንደተጫወተ ካልነገረን ግን አይጠቅመንም። ስለዚህ በተለያየ የሰው ብዛት ሳትሞክሩ አትጻፉ።

ለእኛ አንባቢዎች ደግሞ ቋንቋው ትልቅ ጉዳይ ነው። አዙል ታይሎች ላይ የሚነበብ ነገር የለም። እናቴ እንግሊዝኛ ሳያስፈልጋት አብራን ትጫወታለች፤ ገበጣ ስትጫወት ያደገች ስለሆነች በቆጠራ አንችላትም። ካርዶቹ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የታጨቁ ጨዋታ ከሆነ ግን በግልጽ ንገሩን፣ አያቶች ያሉበት ቤት ይህን ማወቅ አለበት።

ጉድለቱንም በስሙ ጥሩት። «ጥራቱ ደካማ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የአዙል ሰሌዳ ልሙጥ ካርቶን ነው፤ ክርን ነካ ካደረገው የተደረደረው ሁሉ ይንሸራተታል። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ጠረጴዛ ይሄ ያናድዳል። ብዙ የሚያስብ ሰው ካለም ጨዋታው ይጓተታል።

ጨዋታው በነፃ ተሰጥቷችሁ ከሆነ ገና ስትጀምሩ ተናገሩ። አንባቢው መጨረሻ ላይ ሲደርስበት የተሸወደ ይመስለዋል፣ ያመሰገናችሁትንም አያምነውም።