ሚኒባሱ መሪ ሲዞር ከጮኸ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉት

ያረጀ ሚኒባስ መሪ ሲዞር ቋ ቋ ወይም ሲጢጥ ካለ፣ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ድምፁን ሞተር ጠፍቶም ስሙት።

ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ከመጣ፣ ጥርጣሬው መሪ ዘይቱና ቺንጋው (ሞተሩ የመሪውን ዘይት ፓምፕ የሚያዞርበት ቀበቶ) ላይ ነው። ዘይቱ ሲጎድል ወይም አየር ሲገባበት ፓምፑ ያቃስታል። የዘይቱን ዕቃ ክዳን ከፍታችሁ እዩት፤ አረፋ ካለ አየር ገብቷል። መሪው ጥግ ሲደርስ ቀጭን ጩኸት ካወጣ ቺንጋው ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ሞተር ጠፍቶም ቋ ካለ ዘዴው እዚህ ጋ ነው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ ይሁኑ፣ መሪው እንዲፈታ ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙሩ። አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ይነቅንቅላችሁ። እናንተ ከፊት ጎማው ጀርባ እጃችሁን ሰዳችሁ፣ መሪው ሲዞር ጎማውን ግራ ቀኝ የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። ያለቀው መጋጠሚያ ከጣታችሁ ሥር ጠቅ ይላል። ሁለቱንም ጎን ዳስሱና አወዳድሩ።

ጆሮ እዚህ ላይ አይታመንም። በአሮጌው ሃይኤስ ሞተሩ ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው፤ ሁሉም ድምፅ ከመቀመጫችሁ ሥር የመጣ ይመስላል። ብረት ድምፅን ሩቅ ይወስዳል፣ ያለቀው መጋጠሚያ ክፍተት ግን የሚዳሰሰው ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ሞተር እየሠራ እጃችሁን እዚያ አታስገቡ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥርም አትግቡ። መሪውን ጥግ ላይ ከ5 ሰከንድ በላይ አትያዙት፣ ፓምፑ ይግላል። መጋጠሚያው ሲላወስ ካገኛችሁት ደግሞ ሰው ጭናችሁ እንዳትወጡ፤ ቀጥታ ጋራዥ።