ለዲስክ ኦፕሬሽን ህንድ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይሄን እዩ

ወገቡን ዲስክ የያዘው (በወገብ አጥንቶቹ መሃል ያለው ትራስ መሰል ነገር ወጥቶ ነርቭ የተጫነበት) ሰው መካሪው ብዙ ነው፣ አንዱ ወጌሻ ጋ ሂድ ይለዋል፣ አንዱ ጠበል፣ አንዱ ደግሞ "የአክስቴ ልጅ ዴልሂ ሄዶ በሌዘር ተሰርቶ በማግስቱ በእግሩ ወጣ" ይለዋል፣ በቃ ከዛ በኋላ ሰውየው ህንድ ህንድ ማለት ይጀምራል። ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን ቅደም ተከተል አለው።

መጀመሪያ መሄድ የሌለበትን ሰው እንለይ። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ብልት እና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም የእግር መዳፍ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ አልነሳ ብሎ እየባሰ ከሄደ፣ ቪዛ ምናምን የሚባል ነገር የለም፣ በዛው ቀን ኒውሮሰርጀን (የነርቭ ቀዶ ህክምና ሀኪም) ያለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ነርቭ ተጭኖ ከቆየ በኋላ ኦፕሬሽኑ ቢሳካም እንኳን የጠፋው ነገር ላይመለስ ይችላል።

ህመሙ ከጀመረ ገና ወር ያልሞላው ደግሞ ትንሽ ይታገስ። አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ በመድሃኒትና በፊዚዮቴራፒ፣ እንደቻለም እየተንቀሳቀሰ ይሻለዋል፣ የወጣው የዲስክ ቁራጭ ራሱ በጊዜ እየሟሸሸ የሚጠፋበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ወጌሻ ጋ ሄዶ ወገብ ማስረገጥ ግን ይቅርባችሁ። ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር ይሄ ኦፕሬሽን በደንብ የሚያድነው ከመቀመጫ ተነስቶ እስከ እግር የሚወርደውን ህመም ነው፣ እግራችሁን ምንም ሳይላችሁ ወገባችሁን ብቻ የሚያማችሁ ከሆነ ተሰርታችሁም ህመሙ ሊቀጥል ይችላል፣ ስለዚ ይሄን ለሀኪሙ ለይታችሁ ንገሩት።

እና ደግሞ እዚሁም ይሰራል እኮ። ጥቁር አንበሳም ኮሪያ ሆስፒታልም ኒውሮሰርጀኖች አሉ፣ መጀመሪያ እዚህ ታይታችሁ "ኦፕሬሽን ያስፈልግሃል" የሚል ቃል በጽሁፍ ያዙ። ባትሰሩበት እንኳን ስትመለሱ ቁስላችሁን የሚያይላችሁ ሀኪም ከአሁኑ አገኛችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሆስፒታል ስታወዳድሩ መጀመሪያ ዋጋውን አትዩ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የኦፕሬሽን ስም እዩ። ሰው ሁሉንም "ሌዘር" ይለዋል፣ ግን የተለያዩ ናቸው። ማይክሮዲስኬክቶሚ የሚባለው ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ቀዶ በማይክሮስኮፕ እያዩ ነርቩን የተጫነውን ቁራጭ ማውጣት ነው። ኢንዶስኮፒክ ደግሞ ከ1 ሳንቲሜትር ባነሰች ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ያንኑ ስራ መስራት ነው። እውነተኛው የሌዘር ህክምና በመርፌ ገብቶ የዲስኩን ውስጥ በሙቀት የሚያሟሽሽ ሌላ ነገር ነው፣ ተቆርጦ ለወጣ ዲስክ አይሆንም። ፊውዥን የተባለ ካያችሁ ደግሞ አጥንቱን በብሎን ማያያዝ ነው፣ ዋጋውም ማገገሚያውም በጣም ይለያል። አጥንቱ የሚንሸራተት ሰው ሊያስፈልገው ይችላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲስክ ለወጣበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ ስለዚ ፊውዥን ካሏችሁ "ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ሌላ ሀኪም ጋ አሳዩት።

ለማወዳደር ያንኑ ኤምአርአይ ቢያንስ ለሁለት ሆስፒታል ላኩ። የፊልሙን ፎቶ በዋትስአፕ መላክ አይበቃም፣ መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ የተነሳ ፊልም ላይ ነርቭ አይታይም። ኤምአርአይ ካነሳችሁበት ቦታ ሲዲውን ተቀበሉ፣ ወደ ፍላሽ አስገልብጡት፣ ሙሉ ፎልደሩን በሊንክ ላኩ። ከ6 ወር በላይ የቆየ ከሆነ እንደገና ተነሱ፣ አለበለዚያ እነሱም እዛ ያስነሷችኋል። ከዛ እነዚህን ጠይቁ፦ የትኛው ቦታ ነው የሚሰራው (ብዙ ሰው ላይ ኤል4-ኤል5 ወይ ኤል5-ኤስ1 የሚባሉት የታችኛው ወገብ አጥንቶች መሃል ነው)፣ የሚሰራው ሰርጀን ማን ነው፣ እሱ ራሱ ነው ወይስ ተማሪው፣ ባትሰሩ ምን ይሆናል፣ ዲስኩ ተመልሶ ቢወጣስ። የመጨረሻውን "አይመለስም" ብሎ የሚመልስላችሁ ካለ ተጠንቀቁ፣ ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ላይ ሊመለስ ይችላል፣ ጥሩ ሰርጀን ይሄን አይደብቅም። ሆስፒታሉ ጄሲአይ (ዓለም አቀፍ) ወይም ኤንኤቢኤች (የህንድ) የሚባለው የጥራት እውቅና እንዳለው ከእውቅና ሰጪዎቹ ከራሳቸው ዌብሳይት አረጋግጡ።

የዋጋ ደብዳቤው ላይ ምን ተካቷል ምን አልተካተተም የሚለውን አስጽፉ። ከኦፕሬሽን በፊት ያለው ምርመራ፣ ተጨማሪ አልጋ ቀን፣ መድሃኒት፣ የአስታማሚ ምግብ ብዙ ጊዜ ውጪ ነው የሚቀረው። ደላላ ወይም "ወኪል" ካለ ብዙ ጊዜ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከሆስፒታሉ ነው፣ በራሱ ሀጢያት አይደለም፣ ኤርፖርት ይቀበላል አስተርጓሚ ያመጣል፣ ግን ገንዘቡን በሱ አካውንት እንዳታስገቡ፣ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ክፈሉ ደረሰኝም ተቀበሉ።

ወረቀቱ ላይ ሰው የሚደናቀፈው ስም ላይ ነው። ኤምአርአዩ ላይ ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ አይነት ተጽፎ ፓስፖርት ላይ ሌላ አይነት ከሆነ፣ ወይ የአያት ስም ከቀረ፣ ሆስፒታሉ ለቪዛ የሚልክላችሁ የግብዣ ደብዳቤም ያንን ይዞ ይመጣል፣ ኤምባሲ ላይ ጣጣ ነው፣ ስለዚ ከመጀመሪያው የፓስፖርቱን ኮፒ ላኩላቸው "እንደዚህ ጻፉት" በሏቸው። የምታመለክቱት ሜዲካል ቪዛ ነው፣ የቱሪስት አይደለም፣ ለአስታማሚ ደግሞ የራሱ ቪዛ አለ፣ እስከ 2 ሰው ይፈቀዳል፣ ስማቸው ደብዳቤው ላይ ይካተት። ብቻችሁን አትሂዱ። ባንክ ለህክምና ዶላር ሲጠየቅ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ትኬት እና የሆስፒታሉን የዋጋ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ የሜዲካል ቦርድ ማስረጃ (የሀኪሞች ቦርድ ውጭ መታከም ያስፈልገዋል ብሎ የሚሰጠው ወረቀት) አምጡ የሚል ባንክም ሊያጋጥማችሁ ስለሚችል ቀድማችሁ ቅርንጫፉን ጠይቁ።

የቢጫ ወባ ክትባት! ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው ህንድ ግዴታ ነው፣ ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፣ ካርዱ ከሌላችሁ እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩአችሁ ይችላሉ። አንዴ ከተወሰደ ለእድሜ ልክ ስለሆነ የድሮ ካርድ ያለው ይፈልገው። ለአስታማሚውም ያስፈልጋል፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ስኳር ያለባችሁ፣ ለሀኪሙ ቀድማችሁ ጻፉለት፣ መድሃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ትራማዶል የምትይዙ ከሆነ የሀኪም ማዘዣ አብራችሁ ያዙ፣ ህንድ ውስጥ ቁጥጥር ያለበት መድሃኒት ነው። ትኬት ስትቆርጡ ዊልቸር እዘዙ፣ አታፍሩ፣ ቦሌ ላይ ሰልፍ ቆሞ መጠበቅ ብቻውን ለወገብ በቂ ቅጣት ነው። መቀመጫ በኮሪደሩ በኩል ያዙ፣ በየሰዓቱ ተነሱና ተራመዱ፣ ሻንጣ አስታማሚው ያንሳ። ማረፊያ ኪችን ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሽሮና በሶ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሆስፒታሉ ምግብ ቅመሙ በሁለተኛው ቀን ይሰለቻል።

ኦፕሬሽኑ ራሱ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ በዛው ቀን ያራምዷችኋል፣ በማግስቱም ትወጣላችሁ። ከባዱ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ህመሙ ስለጠፋ ብቻ ዴልሂ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሰው አለ፣ እባካችሁ። ብዙ ሰርጀን ለ6 ሳምንት ያህል ማጎንበስ፣ መጠማዘዝ እና ከ4 ወይ 5 ኪሎ በላይ ማንሳት ይከለክላል፣ መቀመጥም በአንዴ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥ ይላል። የህመም መድሃኒቱ ሆድ ያደርቃል፣ ማማጥ ደግሞ ወገቡን ያስጨንቀዋል፣ ስለዚ ውሃ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት አብዙ። ቁስሉ ፈሳሽ ካመጣ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ስትነሱ የሚብስ ስትተኙ የሚተው ራስ ምታት ከመጣ፣ እግር ከደከመ ወይም የእግር ባት አብጦ ካመመ በዛው ሰዓት ለሆስፒታሉ ደውሉ።

የመመለሻ ትኬቱን ቀኑ የሚቀየር አድርጉት። ለመብረር የሚፈቅደው ሰርጀኑ ነው፣ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆዩ ይላሉ፣ አንዱ ምክንያት እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት የኦፕሬሽን ሪፖርቱን (የመውጫ ደብዳቤው ብቻ አይበቃም)፣ የመድሃኒቶቹን የኬሚካል ስም (የህንድ ብራንድ ስም እዚህ ፋርማሲ ስለማያውቀው)፣ እና የሰርጀኑን ክፍል ዋትስአፕ ቁጥር ተቀበሉ። ጎንደር ወይ ጅማ የምትኖሩ ከቦሌ በቀጥታ መኪና ውስጥ አትግቡ፣ ጥቂት ቀን አዲስ አበባ ዘመድ ጋ እረፉ፣ ቀድማችሁ ያያችሁት ሀኪም ቁስሉን ይየው፣ ፊዚዮቴራፒ መቼ እንደምትጀምሩም እሱ ይንገራችሁ።