መሣሪያ ለወንድም ከመስጠት በፊት

አሜሪካ ውስጥ መሣሪያ ለዘመድ ሲተላለፍ ሕጉ መጀመሪያ የሚያየው ዝምድናውን አይደለም። የት እንደምትኖሩ ነው። አገር ቤት የአባት ጠመንጃ ለልጅ ሲወርድ የኖረ ነገር ነው፣ ክብርም ነው። እዚህ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው አሌክሳንድሪያ ላለው ታናሽ ወንድሙ ሽጉጡን ከእጁ ወደ እጁ ቢሰጠው፣ መንገዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢሆንም፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሁለት ስቴት ስለሆኑ የፌዴራል ሕግ ተጣሰ ማለት ነው። ሊከር ስቶር ወይም ነዳጅ ማደያ ይዘው ሽጉጥ የገዙ ብዙ ወገኖች አሉን። ሥራውን ሲለቁ «ለወንድሜ ልስጠው» ይላሉ። መስጠት ይቻላል፣ መንገዱን ግን ጠብቁ።

ስቴታችሁ የተለያየ ከሆነ መሣሪያው የግድ ፈቃድ ባለው የመሣሪያ ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት። ዲሲም እንደ አንድ ስቴት ነው የምትቆጠረው። ሽጉጥ ከሆነ ነጋዴው በተቀባዩ ስቴት ያለ መሆን አለበት። ተቀባዩ ሰፈሩ ያለ ነጋዴ ጋ ደውሎ «ከቤተሰብ የሚመጣ መሣሪያ ትቀበላላችሁ? ስንት ታስከፍላላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ሰጪው ራሱ ሊያደርሰው ይችላል። ሩቅ ከሆነ እሱም በከተማው ያለ ነጋዴ ጋ ይሂድና ነጋዴ ለነጋዴ ይላላኩ። በራሳችሁ በፖስታ ለመላክ አትሞክሩ።

ነጋዴው ጋ ተቀባዩ 4473 የሚባለውን ፎርም ይሞላል። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። አይዲው ላይ ያለው አድራሻ አሁን የሚኖርበት ቤት መሆን አለበት፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አይሠራም። ስሙም በሕጋዊ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ሙሉውን ይጻፍ፤ የአባትና የአያት ስም መንጃ ፈቃዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ግሪን ካርዱ ላይ ሌላ ዓይነት ከተጻፈ ቀድሞ ማስተካከል ይሻላል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ ግን ከሞክሼ ጋር እንዳትደባለቁ ስለሚረዳ ጻፉት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መያዝ ይችላል፣ ኤ-ቁጥሩን፣ ማለትም ካርዱ ላይ ያለውን የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር፣ ፎርሙ ላይ ይሞላል። ከዚያ ነጋዴው በኤፍ.ቢ.አይ. ወይም በስቴቱ ፖሊስ በኩል ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም የኋላ ታሪክ ምርመራ፣ ያስደርጋል። መልሱ ቢዘገይ ተከለከለ ማለት አይደለምና አትደንግጡ።

ሁለታችሁም አንድ ስቴት ውስጥ ከሆናችሁ የፌዴራሉ ሕግ ነጋዴ ጋ ሂዱ አይልም። የስቴቱ ሕግ ግን ሊል ይችላል፣ ልዩነቱም የሰማይና የምድር ነው። ቴክሳስና ጆርጂያ በግለሰብ መካከል ለሚደረግ መተላለፍ ምርመራ አይጠይቁም። ቨርጂኒያ በ2020 ያወጣችው የምርመራ ሕግ የሚናገረው ስለ ሽያጭ ነው። በገንዘብም በዕቃም ያልተለወጠ ንጹህ ስጦታን አይነካም። ሕጉ ፍርድ ቤት ውስጥ ክርክር ስለገጠመው ለሽያጭ ከሆነ ስቴት ፖሊስን ጠይቁ።

ሜሪላንድ ጠበቅ ትላለች። ሽጉጥ የሚቀበል ሰው ቀድሞ የሽጉጥ ብቃት ፈቃድ ማውጣት አለበት። አሻራ ይሰጣል፣ ቢያንስ የ4 ሰዓት ትምህርት ይወስዳል፣ ተኩሶም ያሳያል። ስጦታው ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለእህት ወይም ለወንድም፣ ለአያት ወይም ለልጅ ልጅ ከሆነ ተቀባዩ በተረከበ በ5 ቀን ውስጥ ማመልከቻ ለሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ ያስገባል። አጎት፣ አክስትና የአጎት ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። አብሮ አደግ ቢሆኑም ለውጥ የለውም። ካሊፎርኒያ ደግሞ በወላጅና በልጅ፣ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል በቀጥታ መስጠትን ትፈቅዳለች፣ ግን በ30 ቀን ውስጥ ለስቴቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለ፣ ተቀባዩም የመሣሪያ ደህንነት ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። ወንድምና እህት እዚያ አይካተቱም። ነጋዴ ጋ ሄደው 10 ቀን ይጠብቃሉ።

ግዴታ ባይሆንም እንኳ ነጋዴ ጋ ሂዱ ነው የምለው። ምክንያቱም በእጃችሁ ስትሰጡ ማጣራቱ በእናንተ ላይ ይወድቃል። መሣሪያ የተከለከለበት ሰው መሆኑን እያወቃችሁ፣ ወይም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት እያላችሁ ብትሰጡ ወንጀሉ የእናንተ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የተፈረደበት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ቀላል ወንጀል እንኳ ቢሆን የተፈረደበት፣ በትዳር ጠብ ፍርድ ቤት የመከላከያ ትእዛዝ ያወጣበት፣ ወረቀት የሌለው ሰው አይቀበልም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የመጣም፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ጠባብ ልዩ ሁኔታ ከሌለ በቀር፣ አይቀበልም። ማሪዋና ስቴቱ ቢፈቅድም ፎርሙ በፌዴራል ሕግ ክልክል እንደሆነ ጽፎ ይጠይቃል፣ ወጣቶቹን በግልጽ ጠይቋቸው።

አሁን ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። «አንተ ግዛልኝ፣ ብሩን እልክልሃለሁ» አይሠራም። በራሳችሁ ገንዘብ ገዝታችሁ ስጦታ መስጠት ሕጋዊ ነው፣ በሌላ ሰው ገንዘብ ለሌላ ሰው ገዝቶ «ገዢው እኔ ነኝ» ብሎ መፈረም ግን ውሸት ነው። አብራምስኪ የሚባለውን ክስ ስሙ። የቨርጂኒያ የቀድሞ ፖሊስ ነው፣ ለፖሊስ በሚደረግ ቅናሽ ግሎክ 19 ገዛ። ፔንሲልቬንያ የሚኖረው አጎቱ ቀድሞ የ400 ዶላር ቼክ ልኮለት ነበር፣ ቼኩ ላይ ለምን እንደሆነ ሳይቀር ጽፎበታል። ሁለቱም መሣሪያ መያዝ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ሽጉጡም ለአጎቱ የደረሰው ፔንሲልቬንያ ባለ ነጋዴ በኩል፣ ተመርምሮ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በ5 ለ4 ድምፅ ጥፋተኛነቱን አጸና። በ2022 ደግሞ መሣሪያ ለተከለከለበት ወይም ከባድ ወንጀል ሊሠራበት ላሰበ ሰው እያወቁ መግዛትን ራሱን የቻለ እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ። አጎታችሁ ከፈለገ ራሱ ሄዶ ይግዛ።

ውርስ ሲሆን ነገሩ ይላላል። ሟች በኑዛዜ ከተወው፣ ወይም ያለ ኑዛዜ በሕግ ለወራሽ ከደረሰ፣ የፌዴራሉ ሕግ ከስቴት ስቴት ያለ ነጋዴ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ወራሹ ግን ያልተከለከለ ሰው መሆን አለበት፣ የሚኖርበት ስቴት የሚጠይቀውንም ያሟላል። ዋሽንግተን ስቴት ለምሳሌ ሽጉጥ የወረሰ ሰው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያስተላልፈው ወይም ሊያስቀረው እንደሚፈልግ እንዲያሳውቅ ትጠይቃለች። ለቅሶ ላይ እያለ ማንም ሰው መሣሪያውን መኪናው ውስጥ አስገብቶ እንዳይሄድ። የንብረት አጣሪው እስኪወስን ተቆልፎ ይቀመጥ።

በእጅ የምትሰጡ ከሆነ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ። ቀኑን፣ የሁለታችሁን ስምና አድራሻ፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙና አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። መሣሪያው ጠፍቶ ወይም ተሰርቆ ወንጀል ላይ ቢገኝ መርማሪዎች በተከታታይ ቁጥሩ ከፋብሪካ ተነስተው እስከ መጀመሪያው ገዢ ነው የሚመጡት። ስሙ የሚወጣው የእናንተ ነው፣ ያኔ ያ ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

ስታጓጉዙ ካዝናውን አውጡ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙራችሁ ውስጡ ጥይት አለመቅረቱን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። በሚቆለፍ ሣጥን አድርጋችሁ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጡት፣ ጥይቱን ለብቻው። የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይዞ ዲሲ መግባት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አገር ቤት ላለ ዘመድ እወስዳለሁ ብላችሁ አታስቡ። ያለ ፈቃድ ከአሜሪካ ማውጣት ወንጀል ነው፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የሚገባ መሣሪያን አትቀበልም።