በጣና ተፋሰስ እርከን ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በባሕር ዳር ዙሪያ ያለው አርሶ አደር አካፋና ዶማ ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። ይህን ያህል ጉልበት የፈሰሰበት ማሳ ምርቱ ሳይጨምር ሲቀር ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሊታረም የሚችል ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ለዝናብ አጠር አካባቢ የሚስማማውን፣ ውሃ ለማስቀረት ያለ ምንም ተዳፋት የሚሠራውን እርከን እንዳለ እዚህ ማምጣት ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። በደረቅ አገር ውሃውን ይዞ ማስረግ ሰብል ያድናል፤ በእኛ አካባቢ ግን መሬቱ በነሐሴ ውሃ ጠጥቶ ስለሚጠግብ፣ መውጫ ያጣው ውሃ ከእርከኑ በላይ ተኝቶ ሥሩን ያፍናል። በመርዓዊ አቅራቢያ ባየሁት አንድ ማሳ፣ ከእርከኑ ወዲያው በላይ የነበሩት ሦስት መስመር በቆሎዎች ቢጫ ሆነው ከጉልበት አላለፉም ነበር፤ አሥር እርምጃ ከፍ ብሎ የበቀለው ግን ሰው ይሰውራል። ስለዚህ እርከኑ በውሃ ልክ ተለክቶ፣ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር እየወረደ ውሃውን በዝግታ ወደ ጎን ማውጣት አለበት።

ወደ ጎን የወጣው ውሃ የሚወርድበትን ቦይ አለማዘጋጀት ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። በሁለት ጎረቤታሞች ወሰን ላይ የተለቀቀ ጎርፍ በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ቦረቦር ሆኖ ማሳ ይበላል። ቦዩ ከእርከኑ አንድ ዓመት ቀድሞ ተቀይሶ ሣር ሊለብስ ይገባል። በማን መሬት ይለፍ የሚለው ጉዳይም ከቁፋሮው በፊት በሽማግሌ ፊት ቢቋጭ ይሻላል፤ ቦዩን ከሚያስቀሩት ነገሮች ዋነኛው ይህ ነውና።

ከታች መጀመርም ያከስራል። ቦረቦር ዓይን ስለሚስብ ክትር፣ ማለትም ጎርፉን የሚገታ አነስተኛ ግድብ፣ ቶሎ ይሠራለታል፤ የላይኛው ተዳፋት ካልታከመ ግን ክትሩ በደለል ተሞልቶ ጎርፉ በጎኑ ሰብሮ ያልፋል። ከጉና ተራራ የሚነሳው የርብ ወንዝ የሚያመጣው ደለል የወንዙን ወለል ከፍ እያደረገ፣ ውሃው ወደ ፎገራ የሩዝ ማሳዎች እንዲወጣ ምክንያት ሆኗል።

እርከን መሬት ይይዛል የሚለው የአርሶ አደሩ ቅሬታ እውነት ነው። ስህተቱ ያን መሬት ባዶ መተው ነው፤ ዴሾ ሣር ወይም ሳስፓኒያ የተባለው የመኖ ተክል ቢተከልበት አፈሩን ይይዛል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በልቅ ከገባበት ግን ሣሩም አይተርፍም፤ የተረገጠውንም እርከን በጥር እንደገና መቆፈር ይመጣል።