አሮጌውን ሲፒዩ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከየቤቱ ያልታሰበ ዕቃ ወጣ። ከቁም ሣጥንና ከሽቦ አልጋ መሀል ቢጫ የሆኑ ሲፒዩዎችም፣ የኮምፒውተር ሣጥን ማለቴ ነው፣ ነበሩ። አብዛኞቹን ቆራሌው ጠቅልሎ ወሰዳቸው። መጨረሻቸው ምናለሽ ተራ ነው። አንዱ ግን እኔ ቤት ገባ። ባለቤቱ ለብዙ ዓመት ማመልከቻና ውል ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። "የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ" የሚል ታፔላ ያላት ጠባብ ክፍል ነበረቻቸው። "ውሰደው ልጄ፣ ለኔ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ይሠራልኛል" አሉኝ።

የተጫነበት ዊንዶውስ 98 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሁለተኛው እትም። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር 2006 ላይ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱት ሐምሌ 4 ቀን 1998 ይሆናል። ዊንዶውስ 98 በ98 ዓ.ም. ሞተ ማለት ነው፤ ይሄን የሚያውቀው ሐበሻ ብቻ ነው።

ዛሬ የሚነካካው እንደኔ ያለ ሰው ነው። ጨዋታውን፣ የመነሻ ድምፁን፣ ያንን ግራጫ መስኮት የሚወድ። ወንድሜ "የሥራ ፈት ሥራ" ይለዋል። አልተሳሳተም። ግን እዚህ ከተማ ውስጥ እነዚህ ማሽኖች ከጨዋታ ሌላ የያዙት ነገር አለ፤ በአማርኛ የተጻፈ የሰው ሰነድ። ስህተቶቼን የምጽፈውም በዋናነት ለእሱ ስል ነው።

"እስቲ ይሠራ እንደሆነ" ብሎ መሰካት

የመጀመሪያው አሮጌ ኮምፒውተሬ የእትዬ አልነበረም። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣልኝ ነው። ሳየው አላስቻለኝም፤ ካርቶኑን ሳልጥል ሰካሁት። "ቷ!" አለ። ጭሱ ኮሪደሩን ሞላው፣ ቆጣሪው ወረደ፣ ጎረቤት "ምንድነው የፈነዳው?" እያለ ወጣ።

የዚያ ዘመን ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን የሚቀበለው ክፍል) ብዙ ጊዜ ከኋላው ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለው። በአንድ ወገን 115 ይላል፣ በሌላው 230። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ማንሸራተቻው 115 ላይ እንዳለ ከኛ ሶኬት ጋር ሲገናኝ ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ካፓሲተሮች ከአቅማቸው በላይ ይሞላሉ። ከዚያ ቷ። በጠፍጣፋ መፍቻ ገፋ ላደርገው ሁለት ሰከንድ አይፈጅብኝም ነበር። ተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም 230 ላይ ሆኖ አሜሪካ ቢሰካ፣ አልነሳም ይላል እንጂ አይቃጠልም። የከፋው ዕጣ የደረሰው ለኛ ነው።

ማንሸራተቻው ትክክል ቢሆንም አትቸኩሉ። ክዳኑን ክፈቱና አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ማዘርቦርዱ ላይ የቆሙትን በርሜል መሳይ ካፓሲተሮች አናት እዩ። አናቱ ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጣ ሳይቀየር አይሰካም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በጣም ብዙ ማዘርቦርድ በመጥፎ ካፓሲተር ተመርቷል። ማሽኑ 486 (ከፔንቲየም በፊት የነበረው ትውልድ) ወይም ከዚያ የቀደመ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደች ባትሪ ፈልጉ። ዕድሜዋ ሲገፋ ፈሳሽ ታንጠባጥብና ዙሪያዋን ትበላዋለች። የኋለኞቹ ባትሪ እንደ ሳንቲም ክብ ነው፤ ሰዓት ጠጋኞች ጋር ይገኛል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ተሰክቶ እንዳይጠብቀው። ንቀሉና ትንሽ ቆዩ። ግቢ ውስጥ ምጣድ ሲጣድ አምፖሉ ደብዘዝ የሚል ከሆነ ዲቫይደር ብቻውን አያድናችሁም፤ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል።

እግረ መንገዴን፦ ዊንዶውስ 95 እና የመጀመሪያው 98 ሳይጠፉ 49.7 ቀን ከቆዩ ቀጥ ብለው የሚቆሙበት የታወቀ ችግር ነበራቸው። ጊዜን በሚሊሰከንድ የሚቆጥረው 32 ቢት ቆጣሪ ሞልቶ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ነው። ይሄኛው ስህተት አያሳስባችሁ። እኛ ሰፈር መብራት 49 ቀን ሳይጠፋ ከቆየ በዓል ነው።

ሳይገለብጡ ዊንዶውሱን ማስነሳት

ሃያ ዓመት የተኛ ሃርድ ዲስክ ሊዞር የሚችለው ምናልባት አንድ ጊዜ ነው። ያንን ዕድል የመነሻ ድምፅ ለመስማት አታባክኑት። ዊንዶውስ ሲነሳ ማንበብ ብቻ አይደለም፣ ዲስኩ ላይ ይጽፋልም። በትክክል ሳይዘጋ የቆየ ከሆነ ደግሞ ስካንዲስክ የሚባለው የዲስክ መፈተሻ ብቅ ይልና "ላስተካክል" ይላል። የታመመ ዲስክ ላይ የስካንዲስክ ማስተካከል ለፋይሎቻችሁ ሞት ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ዲስኩን ነቅሎ፣ ከአይዲኢ (የድሮ ዲስኮች መሰኪያ) ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር መቀየሪያ ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ቅጂውን መውሰድ ነው። ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባለው ፕሮግራም ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም። ያልተነበበውን ክፍል እየዘለለ ጤነኛውን አስቀድሞ ያወጣል፣ ከዚያ ወደ ቁስሉ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ዋናው ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል፤ ሥራው ሁሉ በቅጂው ነው።

ስለ ዲስክ ካነሳን፣ አንባቢው ራስ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ነው። ስለዚህ አምራቾች የከፍታ ወሰን ያስቀምጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ፒያሳ ከዚያ በታች ስለሆነች ችግር የለም። እንጦጦ አናት ላይ ወጥታችሁ የድሮ ላፕቶፕ ልትከፍቱ ካሰባችሁ ግን ዲስኩን ባታስቸግሩት ይሻላል።

ጽሑፉን ይዞ ፎንቱን መተው

በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ከእትዬ ማሽን የዎርድ ፋይሎቹን በሙሉ አወጣሁ። ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ። ኩራት ኩራት እያለኝ ላፕቶፔን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ስከፍተው የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና ቅንፍ የተደባለቀበት ነገር መጣ። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና "ይሄ የኔ ጽሑፍ አይደለም" አሉ።

የሳቸው ነበር። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ደንብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ ነው፤ ለሕዝብ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2007። ከዚያ በፊት አንድ ፎንት የሚያስተናግደው 256 ቦታ ብቻ ነበር፣ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለማሽኑ የተያዘ ነው። እስቲ ቁጠሩ፦ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231። እነ ሏ፣ ሟ፣ ቋ ይጨመሩ። ቁጥሮቹ ከ፩ ጀምሮ አሉ፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ አሉ። አይበቃም።

ስለዚህ እነ ፓወር ግዕዝ፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዘዴ ፈጠሩ። በአንዱ ዘዴ ፊደሉ ለሁለት ፎንት ይከፈላል፣ በሌላው ፊደሉ ከግንድና ከቅጥያ ይገጣጠማል። በሁሉም ዘንድ ግን ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው። "ሀ" አድርጎ የሚስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ሀ የለም።

ከዚህ የሚወለዱ ስህተቶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም ሠርቻለሁ። ሁሉንም መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር አንዱ ነው። ምንም አይለወጥም፤ ከሥር ያለው ላቲን ነውና። ሁለተኛው እንደ ተራ ጽሑፍ ማስቀመጥ ነው፤ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል፣ ሁለት ፎንት የተደባለቀበት ሰነድ ከሆነ ማን ይፈታዋል? ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። አዲሱ ዎርድ ላይ ከፍታችሁ አንድ ሁለት ቃል ስታስተካክሉ የራሱ አራሚ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ "ትልቅ ፊደል" ሊያደርገው ይችላል። ለእንግሊዝኛ ጥሩ ነው። ለነዚህ ፎንቶች ግን ትንሹና ትልቁ የላቲን ፊደል የተለያየ ሆሄ ናቸው። ሳታዩት ሆሄው ተቀይሮ ይቀመጣል፤ ውል ላይ የሰው ስም ከሆነ ደግሞ አስቡት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከአሮጌው ዲስክ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ "ፎንትስ" የሚለውን ሙሉውን ገልብጡ፤ አትምረጡ፣ ሁሉንም። እነዚያን ፎንቶች የዛሬው ኮምፒውተር ላይ ስትጭኑ ጽሑፉ እንደነበረ ብቅ ይላል። የመጻፊያው ፕሮግራም ለማንበብ አያስፈልግም። ወዲያው ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ሌላ ሥራ ነው፣ እሱም ለዚያው ፎንት የተሠራ መለወጫ ይፈልጋል። ከተለወጠ በኋላም ስምና ቁጥሩን በዓይናችሁ አመሳክሩ። ዋናው ፋይል ግን አይነካ።

አዛኝ መስሎ ማስጨነቅ

"ለሽማግሌው ጉልበት ልጨምርለት" ብዬ 2 ጊጋባይት ራም ሰካሁበት። መጫኛው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሜሞሪ አነሰኝ! ከ512 ሜጋባይት በላይ ሲሆን የዲስክ ካሹ (ከዲስክ የተነበበው ለጊዜው የሚቀመጥበት) የአድራሻ ቦታውን ይዞት ለሌላው ስለማይተርፍ ነው። ራሙ እንዲህ ካልበዛ፣ ሲስተም ዶት አይኒ በሚባለው ፋይል ውስጥ የካሹን መጠን በመገደብ ማለፍ ይቻላል። ግን ለምን? 256 ሜጋባይት ጠግቦ ያድራል።

ዲስክ ላይ ደግሞ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ከዊንዶውስ 98 ጋር የሚመጣው የዲስክ ድራይቨር ከ137 ጊጋባይት በላይ መቁጠር አይችልም። 250 ጊጋባይት ብትሰኩለት መጀመሪያ ደህና ይመስላል። ወሰኑን ሲያልፍ ዞሮ መጀመሪያው ላይ ይጽፋል፣ ያኔ ያላችሁን ሁሉ ይደመስሳል። እኔ በአይዲኢ መቀየሪያ 32 ጊጋባይት ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ነው የማስገባለት። ድምፅ የለውም፣ አይሞቅም፣ ሲበላሽም ሌላ ቅጂ መጫን ነው።

ተራ ፍላሽ ሰክታችሁ ደግሞ እስኪያነብ አትጠብቁ። ድራይቨር ለብቻው ካልተጫነለት አያውቀውም። የመጫኛ ሲዲውን "ዊን98" የሚለውን ፎልደር አስቀድማችሁ ዲስኩ ላይ ገልብጡት፤ ነገር በነካችሁ ቁጥር "ሲዲውን አስገባ" ከማለት ታርፋላችሁ።

ያገኙትን ሲዲና ፍሎፒ ሁሉ ማስገባት

የድሮ ቫይረስ ከድሮ ዕቃ ጋር አብሮ ይተኛል። ሲአይኤች፣ በቅጽል ስሙ ቼርኖቤል የሚባለው፣ የሚሠራው ዊንዶውስ 95ን፣ 98ንና ዘመዳቸውን ሚሌኒየምን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር 1999 በ26ኛው ቀን ብዙ ኮምፒውተር ያጠፋው እሱ ነው። የዲስኩን መጀመሪያ ያበላሻል፣ አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ባዮሱን ራሱን ይደመስሳል። በእኛ ሚያዝያ 18 መሆኑ ነው። ለዛሬ ማሽን አያሰጋም፤ ለእናንተ ሽማግሌ ግን ዛሬም ያው ነው። ስለዚህ ሲዲውንም ፍሎፒውንም መጀመሪያ በአዲሱ ኮምፒውተር ፈትሹ።

ኢንተርኔት አታስገቡት። አብሮት የመጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 የዛሬ ድረ ገጾች የሚጠይቁትን ምስጠራ አያውቅም። የባንክ ሒሳባችሁን በሱ ልትከፍቱ አይገባም፤ ብትፈልጉም አይከፍትላችሁም።

ያንን ወፍራም ስክሪን መክፈት

አይከፈትም። ከሶኬት ተነቅሎ ቀን ካደረ በኋላም ውስጡ ሰው የሚጥል ቮልቴጅ ሊኖር ይችላል። ለሚያውቅ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ስጡ።

ኢሙሌተርን መናቅ

"ማስመሰል ነው፣ ለዛ የለውም" እል ነበር። አሁን ማንም ቢጠይቀኝ መጀመሪያ በሱ ጀምር እላለሁ። 86ቦክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የድሮውን ማሽን ከነማዘርቦርዱ፣ ከነሳውንድ ካርዱ አስመስሎ ይሠራል። የዛሬዎቹን ሲስተሞች ለማስኬድ የተሠሩት እነ ቨርቹዋልቦክስ ለ98 ብዙም አይመቹም፤ ምስሉም ድምፁም ያስቸግራል። ኢሙሌተር ላይ ብታበላሹ ፋይል ሰርዞ እንደገና መጀመር ነው። የሚፈነዳ ነገር የለም።

የእትዬንም ዲስክ ቅጂ እዚያ ላይ አስነሳሁትና ለሁለተኛ ጊዜ ቤታቸው ሄድኩ። ያ የታወቀ ሰማያዊ ሰማይ መጣ፣ ከዚያ ዴስክቶፑ፣ ራሳቸው እንዳስቀመጡት። የዕድሩን ደንብ ከፈትኩላቸው። ጥርት ያለ አማርኛ። ሁለት መስመር አነበቡ፣ "እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ" አሉና አለፉት።

"ሌላ ምን ላሳይዎት እትዬ?"

"ቆይ" አሉኝና ማውሱን ከእጄ ወሰዱት። ስታርት፣ ፕሮግራምስ፣ አክሰሰሪስ፣ ጌምስ። እጃቸው አልረሳውም። ሶሊቴር ከፈቱ። ደንበኛ ሳይኖር ሲቀር ይጫወቱት የነበረው እሱ ነው። ቡናው ፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ ቀና አላሉም።