በሙቀት ወራት ባስ ለማጥመድ ማባበያ ስንመርጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሙቀት ሲበረታ ባስ የሚባለው አዳኝ ዓሣ ይጠፋል ይባላል። የት ይጠፋል? ቦታ ነው የሚቀይረው። ማባበያው፣ ማለትም ክሩ ላይ የምናስረው ሰው ሠራሽ ማታለያ፣ አብሮት ቦታ ካልቀየረ ግን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲመቱ መዋል ነው።

በቀለም መጀመር። ብዙ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ዓይኑ የሚያርፈው ቀለም ላይ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ዓሣው ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ ነው። ማለዳና አመሻሽ ላይ ባስ ወደ ዳር ወጥቶ ስለሚያድን፣ ፖፐር፣ ማለትም ላይ ተንሳፍፎ ሲሳብ ውኃ የሚረጭ ማባበያ፣ ጥሩ ነው። ፀሐይ ከከረረች በኋላ ወደ ጥላ፣ ወደ ሣር ውስጥ ወይም ወደ ጥልቁ ይገባል። እኩለ ቀን ላይ ገላጣ ውኃ ላይ ፖፐር መወርወር ትርፉ ድካም ነው።

በጣም ጥልቅ መውረድ። ይሄኛው ብዙም አይወራለትም። በሙቀት ወራት ብዙ ሐይቆች በንብርብር ይከፈላሉ፤ ከላይ ሞቃት፣ ከታች ቀዝቃዛ፣ መሃል ላይ ሙቀቱ በድንገት የሚወርድበት ስስ ንብርብር። ከዚያ በታች ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ስለሚያንስ ባስ አይቆይም። ታች ይቀዘቅዛል ብሎ ከባድ የእርሳስ ክብደት አስሮ ከዚያ ንብርብር በታች እስከ ጥልቁ ወለል መስደድ ማለት፣ ዓሣ የሌለበት ቦታ ማጥመድ ማለት ነው።

ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ቦታ ወለል የማይነካ ክራንክቤይት መምረጥ። ክራንክቤይት ሲሳብ የሚጠልቅ ዓሣ መሰል ማባበያ ነው። ከፊቱ ያለችውን ምላስ መሰል ፕላስቲክ ተመልከቱ። ረዥም ከሆነች ጠልቆ ይሄዳል፤ አጭር ከሆነች ላይ ላዩን። ውኃው 3 ሜትር ከሆነ 4 ሜትር የሚወርደውን ያዙ። ክሩ ሲጠነጠን ማባበያው ወለሉን እየጫረ ይመጣል፣ ድንጋይ ይገጫል፣ ወደ ጎን ፈንጠር ይላል። ባስ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ያቺን ቅጽበት ጠብቆ ነው። መንጠቆው አንዳንዴ እንጨት ይይዛል፤ ይሁን። ምንም የማይነካ ክራንክቤይት ብዙም አይዝም። ወፍራም ክር ደግሞ ጠልቆ እንዳይወርድ ያደርገዋል።

ሁልጊዜ ትልቅ ማባበያ። በዚህ ወቅት ባስ የሚበላው በዓመቱ የተፈለፈሉ ጥቃቅን ዓሦችንም ነው። ላዩ ላይ ሲዘልሉ ካያችሁ በእነሱ ልክ የሆነ ማባበያ እሰሩ።

አሁን ወደ ቀለም እንምጣ፤ ረዥም አይደለም። ለጠራ ውኃ ተፈጥሯዊ የሚመስል አረንጓዴ ወይም ቡናማ፣ ለደፈረሰ ውኃ ጥላው ጎልቶ የሚታይ ጥቁር ወይም ጥቁርና ሰማያዊ። ሌላው አብዛኛው ገዢን ለማጥመድ የተቀባ ነው።

ክሩን መርሳት። ፍሎሮካርቦን የሚባለው የክር ዓይነት ይሰምጣል፤ ለላስቲክ ትል ጥሩ ሲሆን የፖፐርን አፍንጫ ግን ወደ ታች ይጎትታል። ለፖፐር ናይለን ይሻላል። እንቁራሪት ለሚመስለው ተንሳፋፊ ማባበያ ደግሞ የተጎነጎነው ክር ነው የሚሆነው፤ ከሣር መሃል ዓሣ ማውጣት ጉልበት ይፈልጋል። ባስ እንቁራሪቱን መትቶ ውኃው ሲረጭ ወዲያው አትሳቡ። ክብደቱ እጃችሁ ላይ ሲሰማ ያኔ ሳቡት።