ከሸረሪት ውስጥ የአርኤንኤ ቫይረስ ስትፈልጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስከረም ሲጠባ የጎጃም ማሳ ዳርና የቤተ ክርስቲያን ደን ጤዛ ባዘለ የሸረሪት ድር ይሞላል። በእነዚያ ሸረሪቶች ውስጥ ማንም አይቷቸው የማያውቅ የአርኤንኤ ቫይረሶች፣ ማለትም የዘር መመሪያቸውን በዲኤንኤ ሳይሆን አርኤንኤ በሚባል ሞለኪውል የሚይዙ ቫይረሶች፣ ሊኖሩ ይችላሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የቻይና ጥናት ሸረሪት፣ መዥገርና ነፍሳትን ጨምሮ 70 ዝርያዎችን መርምሮ 112 አዳዲስ ቫይረሶችን አግኝቷል። ለእኛ ተማሪዎች ትልቅ ዕድል ነው። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሜዳ ላይ ነው።

ሸረሪቷን ተራ አልኮል ውስጥ መክተት። ዝርያ ለመለየት 70 በመቶ አልኮል ጥሩ ነው። ለአርኤንኤ ግን አይሆንም፤ አርኤንኤ ቶሎ ይሰባበራል። እኔ ከጮቄ ተራራ የሰበሰብኳቸውን ናሙናዎች በአልኮል ይዤ በአባይ በረሃ ሙቀት አቋርጬ አዲስ አበባ ወሰድኳቸው። ላቦራቶሪ ስደርስ የተረፈው ብጥስጣሽ ብቻ ነበር። የአንድ ወር ድካም ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ካልሆነ አርኤንኤ የሚያቆይ ፈሳሽ ተጠቀሙ፤ ፈሳሹ እንዲዘልቅ ግን ሆዷን ቀደድ አድርጉት። ከዚያ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ። ከተመሳሳይ ዝርያ አንዷን ለመለያ በአልኮል አስቀሩ።

በባዶ እጅ መንካት። ቆዳችን ላይ አርኤንኤ የሚበጣጥስ ኢንዛይም አለ። ጓንት አድርጉ።

ጅራት ያለውን ብቻ ማጥመድ። አንዳንድ የላቦራቶሪ ኪት ጫፉ ላይ ተደጋጋሚ የ«ኤ» ፊደል ጅራት ያለውን አርኤንኤ ብቻ ይይዛል። ብዙ ቫይረሶች ይህ ጅራት የላቸውም። የራይቦዞሙን (የሕዋሱን ፕሮቲን መሥሪያ) አርኤንኤ ቀንሶ የቀረውን ሁሉ ማንበብ፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅደም ተከተል በማሽን መለየት፣ ይሻላል።

የተገኘውን ሁሉ የሸረሪቷ ቫይረስ ማለት። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሸረሪት አዳኝ ናት። ያደነችውን በራሷ ፈሳሽ አሟሙታ ትመጠዋለች። ዝንቡ ቫይረስ ካለበት ቫይረሱም አብሮ ይገባል። እኛ ደግሞ ሸረሪቷን ፈጭተን እናነባለን! እግሯን ብቻ መመርመርም ሁልጊዜ አያድንም፤ የአንጀቷ ቅርንጫፎች እስከ እግር ሥር ሊደርሱ ይችላሉ። ከመመርመራችሁ በፊት ለቀናት ሳትመግቡ አቆዩዋት፤ ረሃብ ትችላለች። ከንባቡ ውስጥ የዝንብ ወይም የሌላ ታዳኝ አርኤንኤ ምን ያህል እንዳለ እዩ። ያው ቫይረስ በብዙ ሸረሪቶች፣ በእንቁላላቸውም ጭምር ከተገኘ ያኔ ነገሩ ክብደት ይኖረዋል።

የጥንት ርዝራዥን ሕያው ቫይረስ ማድረግ። የአንዳንድ ቫይረሶች ቁራጭ ከረጅም ዘመን በፊት በእንስሳው ዲኤንኤ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል። አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ሳትገለብጡ የሸረሪቷን ዲኤንኤ ብቻ በፒሲአር (የተፈለገውን የዲኤንኤ ቁራጭ በሚያባዛ ምርመራ) ፈትሹ። እዚያም ከታየ ጠርጥሩ። ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛበት ኢንዛይም መመሪያ መሐል ላይ ተቆርጦ ከሆነም እንዲሁ።

ባዶ ናሙና መዝለል። ሸረሪት የሌለበት ቱቦ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሠራ። የኬሚካሉ ብክለት የሚታወቀው በሱ ነው።

ሕዝብ ማስደንገጥ። የቫይረስ ቅደም ተከተል መገኘቱ በሽታ አለ ማለት አይደለም። ማሳቸው ዳር ሸረሪት ስለቅም ያዩኝ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ በሽታ አለባት እንዴ? እንፍጃት?» አሉኝ። «የለም አባባ፣ ሰው ታሳምማለች የሚያሰኝ ነገር አላገኘንም። ይተዉአት፣ ተባይዎን ትብላልዎት» አልኳቸው።